ሻሻዋን እንዳትነካት

ያረጋል የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ መተማ ዮሐንስ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት ነው። በግንቦት እዚያ አገር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገበያ የለም። ሰው በየጥላው ይጋደማል፤ ከሱዳን የሚመጣው የጭነት መኪና እንኳ ኬላው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል። ረቡዕ ግንቦት 22 ቀን 2004 ዓ.ም. ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረዳቱ ጌች የፎቶና ቪዲዮ ቤቱን የቆርቆሮ በር ከፍቶ ሲገባ፣ ሰባት ዓመት አብሮት የሠራውን ያረጋልን በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል በሆዱ ተደፍቶ አገኘው። ከጭንቅላቱ አጠገብ የኮምፒውተሩ ስታቢላይዘር ወድቋል። መብራት በሚዋዥቅበት በዚያ ከተማ ያለ ስታቢላይዘር ኮምፒውተር የሚከፍት የለም። ዕቃው ድፍን ብረት ነው፤ አንዱ ጠርዙ ላይ ደም ነበረበት።

ጌች ገና ድምፅ ሳያወጣ ከኋላው ሐሚድ ገባ። ሐሚድ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እያመጣ የሚሸጥ የሠላሳ ዓመት ነጋዴ ነው። ወዲያው በጓሮ በኩል ጎረቤቲቱ ሽታዬ መጣች። የሽታዬ ምግብ ቤትና የያረጋል ፎቶ ቤት የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ሬሳውን አየች፤ ከዚያ ሐሚድን አየች።

«አንተ ነህ» አለችው። «ስድስት ሰዓት ላይ ስትዝትበት በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ።»

ሐሚድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ታሰረ።

ምክትል ኢንስፔክተር ጸዳለ ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከገንዳ ውሃ መጣች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበረች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የወባ በሽተኞችን ደም በማይክሮስኮፕ ስታይ ኖራለች። ማስታወሻ ደብተሯን በሁለት ዓምድ የመክፈል ልማዷ ከዚያ የመጣ ነው። በግራ «ያየሁት»፣ በቀኝ «የመሰለኝ» ይላል። የቀኙ ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

ጣቢያው በር ላይ አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የሐሚድ እናት ረቢዓ ናቸው።

«ከገንዳ ውሃ የመጣሽው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ እማማ። ፀሐዩ ሳይጠነክር ወደ ጥላው ይግቡ።»

«አልነሣም። ሦስት ወንድ ነበረኝ። አንዱን ወባ ወሰደው። አንዱ በሊቢያ በኩል ወጣ፤ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ድምፁን አልሰማሁም። የቀረኝ ይሄ ነው። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ታቀርቡታላችሁ አሉኝ፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ወህኒ ይወስዱታል አሉኝ። ጎንደርን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ማን ያደርሰኛል?»

ጸዳለ «አይዞዎት» አላለችም። የማታውቀውን ነገር ተስፋ አድርጋ መስጠት አትችልበትም።

«ሚስቱ የት አለች?»

«ዘሀቢያማ በሯን ዘግታለች። ከተማው በሙሉ ስሟን እየተቀባበለ እንዴት ትውጣ? ወንድሞቿ ከገላባት መልእክት ልከዋል፤ ነገሩ እውነት ከሆነ መጥተን እንወስዳታለን ብለዋል።»

ሳጅን ሰጠኝ መዝገቡን ዘርግቶ ጠበቃት።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሰኞ ዕለት ዘሀቢያ ለመታወቂያ ፎቶ ልትነሣ ያረጋል ዘንድ ሄዳ ነበር። ጆሮሽ መታየት አለበት ብሎ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ እንድታደርግ ጠይቋታል። ይህን ጌችም መስክሯል። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ባልየው መጣ። ሽታዬ በግድግዳው በኩል የሰማችውን ላንብብልዎት፦ ‹ሻሿን እንዳትነካት። ከነካሃት እኔና አንተ ተለያየን።› ተጠርጣሪውን ይህን ብለሃል ወይ አልኩት። ብያለሁ አለ። ፈርሟል።»

«ገድያለሁስ ብሏል?»

«እሱንማ ይክዳል። ዛቻውን ካመነ ግን ምን ቀረ?»

«ሬሳውን ያየው የጤና መኮንን ሰዓቱን ምን አለ?»

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ባለው ውስጥ ነው አለ። በዚህ ሙቀት ከዚህ አጥብቦ መናገር አይቻልም አለ።»

ጸዳለ ከሐሚድ ኪስ የተያዘውን ዕቃ ዝርዝር አነበበች። ሞባይል አንድ። ቁልፍ ሦስት። ነጭ የፕላስቲክ ነገር አንድ።

«ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«እንጃ፣ ኢንስፔክተር። አንድ ጫፉ ጥርስ አለው፣ ሌላው ጫፉ ቀዳዳ። የኤሌክትሪክ ነገር ይመስለኛል።»

«የመሰለህን አልጻፍክም፤ ደግ አደረግህ» አለችና ነጩን ነገር በፖስታ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰጠኝን አስከትላ ወደ ሐሚድ ገባች። እንቅልፍ አላየም። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«ስለ ሻሿ ንገረኝ» አለችው።

«ምኑን ልንገርዎት? ያመጣኋት እኔ ነኝ። ከገላባት፣ ሳጂድ ከሚባለው ነጋዴ።»

የጸዳለ እስክሪብቶ ቆመ። «ሻሹን ለሚስትህ አመጣህላት?»

«ለያረጋል ነዋ።»

«ያረጋል ሻሽ ምን ያደርግለታል?»

«ሻሽ ማን አለ?»

ጸዳለ ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀድዳ ሰጠችው። «ረቡዕ ያልከውን ቃል ራስህ ጻፈው።»

ሐሚድ ጻፈ። ጸዳለ መዝገቡን አጠገቡ ዘርግታ ሁለቱን አስተያየች። ሳጅኑ «ሻሿን» ብሏል። ሐሚድ የጻፈው «ሻሻዋን» ነው።

«ሻሻ በዐረብኛ ስክሪን ማለት ነው» አለ ሐሚድ። «ኮምፒውተር ውስጥ የምትገባዋን፣ ምስሉን የምታጠራዋን ካርድ ገላባት ከርት ሻሻ ይሏታል። እኔና ያረጋል ሲያጥርልን ሻሻ ነው የምንላት። ሳጅኑ ሲያነብልኝ ሻሻዋን ያለ መሰለኝ። ብለሃል አለኝ፤ አዎ፣ ብያለሁ።» ከዚያ ዘግይቶ ገባው። ጽሑፉን ደጋግሞ አየ። «ታዲያ እነሱ… ዘሀቢያን ነው የመሰላቸው? ሚስቴን ነው በዚህ የሚያነሷት?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጸዳለ አዲስ ገጽ ገለጠች።

«ስድስት ሰዓት ላይ የሆነውን በተራ ንገረኝ። ምንም አትዝለል።»

ሐሚድ ነገራት። ያረጋል አዲስ ካሜራ ገዝቶ ነበር። ካሜራው የሚያነሣው ምስል ከብዶ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ይቆራረጣል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀጭን፣ ሣጥኑ የጠበበ ዓይነት ስለሆነ ያገኙት ሁሉ አይገባበትም። ሐሚድ ካርድ አመጣለት፤ ቁመቷ ስለበለጠ የብረት ማሰሪያዋን ፈትተው፣ የሣጥኑን ክዳን አንሥተው አስገቧት። ማራገቢያዋ ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«የሸጥክልኝ የሞተ ነው ብሎ ጮኸብኝ። አልሞተችም፣ ሽቦው ነው አልኩት። በዚያ ማሽን ላይ ካርድ ሲገባ ስክሪኑ የሚሰካበት የድሮው ማውጫ ሥራ ያቆማል። የስክሪኑ ሽቦ ከድሮው ተነቅሎ ካርዷ ላይ መሰካት አለበት። የእሱ ሽቦ ግን የድሮ ዓይነት፣ ባለ ሰማያዊ ጫፍ ነው። ካርዷ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ የላትም። መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ መቀየሪያዋ ሳጂድ ዘንድ ቀርታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመጣልሃለሁ አልኩት። እሱ ግን እየተናደደ ነቅዬ እጥላታለሁ አለ።»

«አንተስ?»

«ማኅተሜን ለጠፍኩባት። የሸጥኩትን ዕቃ ሁሉ ቀን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ወረቀት እለጥፍበታለሁ። ተቀድዶ ከመጣ አልመልስም። አንዱን ጫፍ ካርዷ ላይ፣ አንዱን ጫፍ የሣጥኑ ብረት ላይ ለጠፍኩና ሻሻዋን እንዳትነካት፣ ከነካሃት ተለያየን አልኩት። ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ገላባት ተሻገርኩ።»

ውጭ ሲወጡ ሰጠኝ አንገቱን ነቀነቀ። «ቃሉን ተሳስቻለሁ፣ እሺ። ጥሉ ግን ነበረ። ነገ ዳኛው ሌላ ሰው ማን አለ ቢለኝ ምን እላለሁ?»

«እሱን ነው የምንፈልገው» አለች ጸዳለ።

ፎቶ ቤቱ እንደተገኘ ተዘግቶ ቆይቷል። ጸዳለ ማንንም ሳታስገባ አንድ ሰዓት ያህል ቆመች። ሲፒዩው ክዳኑ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ካርዷ ቦታዋ ላይ ናት። ከካርዷ እስከ ሣጥኑ ብረት የተዘረጋ አውራ ጣት የሚያህል ወረቀት አለ፤ የረቡዕ ቀን፣ ስድስት ሰዓት፣ የሐሚድ ፊርማ በዐረብኛ። በአጉሊ መነጽር አየችው። አልተቀደደም፣ ጫፉ አልተነሣም፣ ተልጦ የተመለሰ ሙጫ የለውም። የስክሪኑ ሽቦ ሰማያዊ ጫፍ የድሮው ማውጫ ላይ እንደተሰካ ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሽቦም ሌላ ስክሪንም የለም። ማብሪያውን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ጨለመ። ሁሉንም በግራው ዓምድ ጻፈች።

ከዚያ ጌችን አስጠራች። ጌች ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ።

«ትናንት የለበስከው ሸሚዝ ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው። መች ቤቴ ገባሁና።»

«እጅጌው ላይ የካውያ መስመር ይታያል። በዚህ ሙቀት ለመተኛት ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው አላየሁም።»

ጌች መሬት መሬት አየ። «ኮኪት ነበርኩ። አዲስ ፎቶ ቤት ይከፈታል፣ እዚያ ሊቀጥሩኝ አነጋገሩኝ። ለያረጋል አልነገርኩትም። እሱ ሲሞት እኔ እሱን ጥዬ መሄጃ ስፈልግ ነበር ብዬ እንዴት ላውራ?»

ያመላለሰው የባጃጅ ሹፌር በስልክ ቃሉን አረጋገጠ።

«ረቡዕ ጠዋት ያረጋል ከማን ጋር ተነጋገረ?»

«ለአቶ አለኸኝ ደወለ። የሰሊጥ እርሻው ሥራ አስኪያጅ። ግንቦት አሥር ቀን የአዲሱን ትራክተር ምረቃ ቀርጸንላቸው ነበር። ‹ከኋላ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ይቆራረጥብኛል። ካርዷ ዛሬ ትገባለች፣ ስትገባ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል፣ መጥተው ቢያስረዱኝ› አላቸው።»

«ከኋላ ምን አለ?»

«አላየሁም። እኛ እንግዶቹ ድንኳን ሲገቡ ለምሳ ገባን፤ ካሜራው በእግሩ እንደቆመ ሲቀርጽ ቀረ።»

ጸዳለ ካሜራውን ከመደርደሪያ አወረደች። የሚሞሪ ካርዷ ቦታ ባዶ ነው። ጌች ደነገጠ። «ትናንት ጠዋት ውስጡ ነበረች። ፊልሙን ወደ ኮምፒውተሩ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ገልብጬ መለስኳት።»

ሽታዬ በጓዳዋ ሽንኩርት እየላጠች ተቀበለቻት። ከጎጃም ከወረደች አምስት ዓመቷ ነው።

«የሰማሁትን ነው የተናገርኩት፣ እመቤቴ። ሰው ላይ አልዋሽም።»

«አልዋሸሽም። ዐረብኛ ትሰሚያለሽ?»

«እኔ የት አውቄው? ‹ሻይ› እና ‹ሱከር› ሲሉኝ ብቻ ነው የሚገባኝ።»

«ከሐሚድ በኋላ ማን ገባ?»

«ሰባት ተኩል ገደማ የአቶ አለኸኝ መኪና ደጅ ቆማ አየሁ። ሲወጡ አላየሁም፤ እንቅልፍ ጣለኝ።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ደፍሬ ልጠይቃቸው ነበር እኮ። ወንድሜ ምንይችል ከፋሲካ በኋላ ለምንጣሮ ሥራ መጥቶ እሳቸው እርሻ ላይ ገባ። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ የለም። ወደ ሱዳን ተሻገረ አሉኝ። ሳይሰናበተኝ? ከወዲያ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ እጠይቃለሁ። እርስዎ ብዙ ሰው ያያሉና…» ከጉያዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየቻት። የሃያ ሁለት ዓመት ረጅም ወጣት ነው።

ጸዳለ ፎቶውን ከተለመደው በላይ ቆይታ አየችው።

አለኸኝ ሳይጠሩት በራሱ መኪና መጣ። ሰፊ ትከሻ፣ ጮክ ያለ ሳቅ ያለው ሰው ነው።

«የደበቅሁት የለኝም፣ ኢንስፔክተር። ሰባት ተኩል ላይ መጥቼ ነበር። መኪናዬን አገር አይቷታል።»

«ምን አደረጋችሁ?»

«ፊልሜን አሳየኝ። የትራክተሬን ምረቃ። እዚያች ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሃያ ደቂቃ ያህል አየን። መስታወት ነው፣ ጥርት ያለ! እስከ ደጅ እየሳቀ ሸኘኝ። ነፍሱን ይማር፤ ከዚያ በኋላ ነው ያ ሰውዬ የመጣበት።»

«ያያችሁት ይሄንኑ ስክሪን ነው?»

«ሌላ ስክሪን አለ እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ የተለየ ነገር አስተዋሉ?»

«እኔ የማውቀው ትራክተርና ማረሻ ነው፣ እህቴ። እሱ ከፈተ፣ እኔ አየሁ።»

የተናገረውን አስነብባ አስፈረመችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሐሚድን ከጣቢያ ወደ ፎቶ ቤቱ አስመጣች፤ ከሰጠኝ ጋር ሦስት ሆነው በሩን ዘግተው ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ሁሉን እንደነበረ መልሰው ሲወጡ ሐሚድ ወደ ሽታዬ ቤት ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሐሚድ እጁ በካቴና ነው። እናቱ ከጎኑ ቆመዋል። ጌች ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሽታዬ ከሰጠኝ አጠገብ ናት። አለኸኝ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጦ በባርኔጣው ያናፍሳል። ዘሀቢያ በመጨረሻ መጣች፤ ከበሩ አላለፈችም።

«ዘሀቢያ፣ ግቢ» አለች ጸዳለ። «መጀመሪያ ያንቺን ነው የምጨርሰው።» ወደ ሐሚድ ዞረች። «ረቡዕ ያልካትን ድገማት።»

«ሻሻዋን እንዳትነካት።»

«እሱ ነው፣ ሻሿን ነው ያለው» አለች ሽታዬ።

«አሁን ሻሻ የምትላትን በጣትህ አሳይ።»

ሐሚድ የታሰሩ እጆቹን አንሥቶ ካርዷን አሳየ። ጸዳለ የቃሉን ትርጉም አስረዳች። ሽታዬ ቀስ ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዘሀቢያ ግን አንድም ቃል ሳትናገር ከበሩ ወደ ውስጥ ገብታ ባሏ አጠገብ ቆመች።

«ጥሉ ስለ ሴት አልነበረም» አለች ጸዳለ። «ስለዚች ካርድ ነበር። አሁን ያረጋልን በመጨረሻ ወዳየው ሰው እንምጣ። አቶ አለኸኝ፣ ሰባት ተኩል ላይ ምን አያችሁ?»

«ፈርሜበታለሁ እኮ። ፊልሜን።»

«ሰጠኝ፣ ኮምፒውተሩን ክፈተው። ሽቦው ሁሉ ረቡዕ በተገኘበት ቦታ ነው።»

ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ምልክት የለም አለና ጨለመ።

«ተበላሽቷል ማለት ነው» አለ አለኸኝ።

«አልተበላሸም። ካርዷ በውስጡ እስካለች ድረስ የስክሪኑ ሽቦ የተሰካበት ማውጫ አይሠራም። ይህን ሽቦ ካርዷ ላይ ለመሰካት ደግሞ መቀየሪያ ያስፈልጋል። መቀየሪያዋ ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከዚህ ቤት አልነበረችም፤ ሐሚድ ኪስ ውስጥ ተይዛለች። ስለዚህ ሰባት ተኩል ላይ በዚህ ስክሪን ላይ ፊልም ያየ ሰው ሊኖር አይችልም።»

አለኸኝ ማናፈሱን አቆመ። «ነቅሏት ይሆናል። እኔ ስሄድ መልሶ ያስገባት።»

«ይህ ወረቀት ስድስት ሰዓት ላይ የተለጠፈ ነው። ከካርዷ እስከ ሣጥኑ። ካርዷ ብትነቀል ይቀደድ ነበር። ጌች፣ አንተ አንብብልን።»

ጌች ጎንበስ ብሎ አየ። «አልተቀደደም። የሐሚድ ማኅተም ነው፣ እናውቀዋለን።»

«ሰውዬው በሕይወት ነበር፣ እየሳቀ ሸኘኝ ለማለት አብራችሁ ያደረጋችሁት ነገር መኖር ነበረበት። ፊልሙን መረጡ፤ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ያውቁታልና። ካርዷ እንዳልሠራችለት ግን አያውቁም። ፊልሙን አብሮዎት አላየም። ምን እንደተቀረጸ ነገረዎት፤ ካርዷ ስትሠራ እንደሚያጣራው ነገረዎት። ከዚያ ጀርባውን ሰጠዎት።»

ጸዳለ ፖስታውን ከፍታ ነጩን መቀየሪያ ለሰጠኝ ሰጠችው። ከዚያ ዘወር አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

«ሽታዬ፣ አሁን የሚመጣውን ባታዪው ይሻላል። ደጅ ልትቆዪ ትችያለሽ።»

ሽታዬ ፊቷን አየች፣ ረጅም ጊዜ። «ምንይችል ነው?»

ጸዳለ ወደ በሩ መንገድ ለቀቀችላት።

«እዚሁ ነኝ» አለች ሽታዬ።

ሰጠኝ ሽቦውን ሰካ። ስክሪኑ በራ። ሜዳው፣ አዲሱ ቀይ ትራክተር፣ ከርቀት ነጩ ድንኳን። ከተጎታቹ ጥላ ሥር አንድ ወጣት እግሩን ዘርግቶ ቂጣ ይበላል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ አለኸኝ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ካርዷን እኮ ወስ…»

ቃሉን ዋጠው።

«ካርዷን ወስደዋል፤ የካሜራውን» አለች ጸዳለ። «ያረጋል ካርዷ ስትገባ ሁሉም ይታያል ሲልዎት ስለ ካሜራዋ መሰለዎት። እሱ ያለው ይችን ነበር። ፊልሙ አስቀድሞ እዚህ ተገልብጧል።»

ስክሪኑ ላይ አለኸኝ ራሱ ከድንኳኑ እየሳቀ ወጣ። ሹፌሩን ሳይጠራ ትራክተሩ ላይ ዘለለ። ሞተሩ ተነሣ። ወደ ኋላ ሄደ። ጸዳለ እጇን አንሥታ ሰጠኝን አስቆመችው። የቀረውን ማንም አላየም፤ ሁሉም ግን ዐወቀው።

«አላየሁትም» አለ አለኸኝ። ተመልሶ ተቀመጠ። «ወደ ኋላ አላየሁም። እንግዶቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ሁለት ሰዎቼ… ከጉድባው ማዶ ቀበርነው። ያረጋልን ለምኜዋለሁ፤ አጥፋው ብዬ እግሩ ላይ ወድቄአለሁ። ‹እህቱ ጎረቤቴ ናት፣ እሱ መሆኑን ካረጋገጥኩ እነግራታለሁ› አለኝ። ስታቢላይዘሩ አጠገቤ ነበር።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሰጠኝ የሐሚድን ካቴና ፈታ።

«ወንድሜ፣ እኔ እንደሰማሁ ነው የጻፍኩት» አለው።

ሐሚድ ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ እጁን ያዙት፣ አንጓውን ሦስት አራት ጊዜ አሹት። «እንሂድ፣ ልጄ። እንሂድ ከዚህ ቤት።»

«እሺ፣ ዩማ» አላቸው እናቱን በዐረብኛ።

ሽታዬ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ዓይኗ በቆመው ምስል ላይ ነው፤ በዚያ ላይ የሚታየው የትራክተሩ ጀርባና አቧራ ብቻ ነው። አላለቀሰችም።

«ሐሚድ» አለች ዘወር ሳትል። «በጆሮዬ ነው ያሳሰርኩህ።»

«ይሁን፣ እትዬ ሽታዬ።»

«ይችን ነገር ታውቅባታለህ አይደል?»

«አውቅባታለሁ።»

«ወደ ኋላ መልስልኝ። ሰውዬው ሳይመጣ በፊት ወዳለው።»

ሐሚድ እናቱን አየ። ረቢዓ እጁን ለቀቁት። በያረጋል ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊልሙን ቀስ እያለ መለሰው። አቧራው ወደ መሬት ተመለሰ፣ ትራክተሩ ወደ ቦታው ገባ፣ ሳቂታው ሰው ወደ ድንኳኑ ሄደ። ምንይችል ከጥላው ሥር ቂጣውን ቆርሶ ከካሜራው ውጭ ላለ ለማይታይ ሰው ዘረጋ፤ አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ።

«እዚህ ጋ?»

«እዚህ ጋ። አቁመው።»

አቆመው።